በሥራ ካርድ ጀርባ የተጻፈች ቃል

በኮሌጁ የአውቶ ወርክሾፕ ውስጥ እናት አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም። የመታወቂያው ስም ለመዝገብ ቤት ነው። ቱታ ለብሶ በዚያ ሰፊ የብረት በር የገባ ሁሉ ሳምንት ሳይሞላው አዲስ ስም ይወጣለታል፤ ስሙም አንዴ ከተለጠፈ ቢፍቁት አይለቅም። ወሬ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዞር የሚውለው ልጅ «ቺንጋ» ተባለ፤ ቺንጋ ሞተር ላይ የአንዱን መዘውር ዙር ለሌላው የሚያቀብል ቀበቶ ነውና ስሙ ልክ ገባለት። መምህሩ ተማሪ ብሎን ባጠበቀ ቁጥር «በልኩ፣ ልጆች፣ በልኩ» ስለሚሉ ከኋላቸው «ጋሼ በልኩ» ናቸው። እሳቸውም ያውቃሉ፤ እንዳላወቀ ሰው ያልፉታል።

እሷ «ካንዴላ» ነበረች። ካንዴላ ጣት የምታክል ዕቃ ናት፤ ግን እሷ እሳት ካልጫረች ያ ሁሉ ሞተር ቁጭ ብሎ የሚውል ብረት ነው። ስሙ የወጣላት በሁለተኛው ቀን ነው። አንድ ቁመተ ረጅም ተማሪ «ሴት ልጅ ክሪክ ይሆንላታል?» ብሎ ሲስቅ ሰማችው፤ ምንም ሳትመልስ መኪናውን በክሪክ አነሳችና «በል ና፣ ስሩ ግባና እየው» አለችው። ልጁ አልገባም። ከዚያ ወዲያ በእሷ ላይ የሳቀ የለም።

እሱ ደግሞ «ጓንት» ነው። በመጀመሪያው ቀን ነጭ ጓንት አጥልቆ መጣ፤ በቃ፣ አለቀለት። አባቱ የብዙ አውቶቡሶች ባለቤት ናቸው፤ ልጃቸውን ኮሌጅ ያስገቡት መካኒክ እንዲሆን ሳይሆን መካኒክ እንዳያታልለው ነበር። ጓንቱን በሦስተኛው ቀን ጣለው። ጥፍሩ ስር ግራሶ ገባ፣ መዳፉ ተላጠ፣ ቱታው እንደ ሰው ቱታ ቆሸሸ፤ ስሙ ግን ጓንት እንደሆነ ቀረ።

ሁለቱን ያገናኛቸው ፍሬን ነው። ፍሬን ውስጥ አየር ከገባ ፔዳሉ ሲረገጥ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ከስር ተኝቶ ጎማው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ብሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አይተያዩም። የሚያገናኛቸው ድምፅ ብቻ ነው። «ርገጪ» ይላል ከስር ያለው። «ያዢ» ይላል። ብሎኑን ሲከፍት ዘይቱ ከነአረፋው ወደ ጠርሙሱ ይወርዳል። ብሎኑን ያጠብቅና «ልቀቂ» ይላል፤ ከላይ ያለችው «ለቀቅኩ» ብላ ትመልሳለች። ከዚያ እንደገና፣ አረፋው እስኪጠፋ።

ጋሼ በልኩ በዚህ ትምህርት ላይ ቀልድ አያውቁም። «ልቀቂ የምትለዋን ቃል እንዲሁ ከአፋችሁ እንዳታወጧት» አሉ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው። «ከስር ያለው ሰው ልቀቂ ካለ 'በኔ በኩል አጥብቄ ዘግቻለሁ፣ አትስጊ፣ እግርሽን አሳርፊ' ማለቱ ነው። ሳይዘጋ ያላት እንደሆነ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ የለፋችሁበት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ገባችሁ?»

ካንዴላ ፔዳሉ ላይ፣ ጓንት ከስር ሆነው አንድ ዓመት ተኩል ሠሩ። አንድ ቀን ከምሳ በፊት «ያዢ» ብሏት ዝም አለ። ያዘች። እግሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ምን ሆንክ? ብሎኑ ተበላ እንዴ?»

«አልተበላም። ተዘግቷል።»

«ታዲያ ልቀቂ በለኛ።»

«ልቀቂ ካልኩሽ ደወሉ ይደወላል፣ ትሄጃለሽ» አለ ከመኪናው ስር፣ ድምፁ እየተንተባተበ። «ትንሽ ቆዪ።»

ሳቀች። እግሯ ግን እየተንቀጠቀጠም ቆየ፤ ደወሉም ተደውሎ አለቀ። ያን ቀን ምሳ ሳትበላ ዋለች፣ ርሃቡም አልተሰማትም።

ከዚያ ወዲህ መጻጻፍ ጀመሩ። ወረቀታቸው የሥራ ካርድ ነበር። ካርዱ ፊቱ ላይ «የደንበኛው ቅሬታ»፣ «የተገኘው ብልሽት»፣ «የተደረገው ጥገና» የሚሉ መስመሮች አሉት፤ ጀርባው ባዶ ነው። እሱ ከፊት ለፊቱ ይጀምርና ይቀልዳል። «የደንበኛው ቅሬታ፦ ደንበኛዋ ትናንት ሳታየኝ አለፈች። የተገኘው ብልሽት፦ ደረት አካባቢ የሚንኳኳ ድምፅ።» ከዚያ ገልብጦ ቁም ነገሩን ይጽፋል። አንድ ካርድ አይበቃውም፤ ሁለት ሦስት ይሆናል። ጽሑፍ አይሰስትም። የመሣሪያ ክፍሏ ኃላፊ እትዬ ካርዶቹን ከመፍቻዎቹ ሳጥን ስር ታስቀምጥላቸዋለች፤ «እኔ መነጽር ሳላደርግ አላነብም» ትላለች፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ተቀምጦ።

ካንዴላ ግን ያልጻፈችለት ነገር ነበራት። አባቷ አስራ ዘጠኝ ዓመት የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ የጓንት አባት ሹፌር። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ሰመጠባቸው። ገደሉን ትተው አውቶቡሱን ከመንገዱ ዳር ካለ የአፈር ቁልል ጋር አላተሙት። ተሳፋሪው ሁሉ ተጫጭሮ ወጣ፣ የእሳቸው ጉልበት ደቀቀ። ድርጅቱ «ሹፌሩ እንቅልፍ ወስዶት ነው» አለ። እሳቸው «ፍሬኑ እንደሚሰምጥ በብልሽት መዝገቡ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ» አሉ። መዝገቡ አልተገኘም፤ እሳቸውም ከሥራ ተሰናበቱ።

ከዚያ ወዲህ መስኮቱ አጠገብ ካለችው ወንበር አይነሱም። መንገዱ ላይ የሚያልፈውን አውቶቡስ በድምፁ ብቻ «ማርሽ ዘግይቶ ቀየረ፣ ይሄ ልጅ ሞተሩን ይገድለዋል» ይላሉ። ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ያስረዳሉ፤ እንግዳው አንገቱን ይነቀንቃል፣ እሳቸውም ያላመናቸውን ከአነቀናነቁ ይለያሉ። አንድ ሰው፣ ከዚያ ድርጅት አንድ ሰው፣ «እርስዎ አልተኙም» እንዲላቸው ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ካንዴላ ፍሬን ለመማር ኮሌጅ የገባችው በዚህ ነው። ሰው መኪና ስለምትወድ ይመስለዋል።

ጓንት የማን ልጅ እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት አውቃለች። ልትጠላው ሞክራ ነበር። አልሆነላትም። በመጨረሻ ሁሉንም በአራት ካርድ ጽፋ ሰጠችው፤ እሱም በማግስቱ ሸሚዙን ተኩሶ ቤታቸው መጣ።

አባቷ ወንበር አስቀረቡለት፣ እናቷ ሻይ አቀረቡ። «የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ነገራቸው። አልተቅለሰለሰም፣ የአባቱንም ስም አልሸሸገም።

አባቷ ሻዩን ወደ እሱ ገፋ አደረጉ። «አባትህ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ አባባ።»

«ጥሩ።» የደቀቀውን ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ይዘው ወደ እሱ ዞሩ። «እና አንተ ምን ትላለህ? ተኝቼ ነበር?»

ካንዴላ በልቧ «'እርስዎ አልተኙም' በል» አለችው። ቀላል ነበር፣ ሁለት ቃል ነው። እሱ ግን ሲበዛ ሐቀኛ ልጅ ነው። «አላውቅም፣ አባባ» አለ። «አላየሁም።»

«እውነቱን ነው» አሉ አባቷ፣ ሳይቆጡ። «አላየም። እንግዳውን ሸኚው።»

ከሄደ በኋላ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጧት። «ጨዋ ልጅ ነው፣ አልጠላሁትም። ግን ልጄ፣ እኔ ቤት ቁጭ ብሎ 'አላውቅም' የሚል አማች አልችልም። እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ የማልችለው። ይግባሽ።»

ገባት። ከአንድ ሰው በቀር በዓለም ላይ ማንንም እንደ አባቷ አትወድም ነበር፤ ያ አንድ ሰው ደግሞ ገና በሩን መውጣቱ ነው።

ጓንት በማግስቱ ብሎን እያጠበቀ «እውነቱን እስካገኝ ድረስ ቤታችሁ አልመጣም» አላት። «መዝገብ ዝም ብሎ አይጠፋም። የሆነ ቦታ አለ።» አላመነችውም፤ መፈለጉን ግን ወደደችለት።

የመጨረሻው የተግባር ፈተና ሳምንት መጣ። ጓንት ሰኞ ቀረ። ማክሰኞም ቀረ። ረቡዕ ቺንጋ ከመጸዳጃ ቤቱ በር እስከ መሣሪያ ክፍሉ ወሬውን አዳረሰ። «ጓንትን ውጭ አገር ሊልኩት ነው አሉ። ብቻውን እንዳይመስላችሁ፤ የመለዋወጫ አስመጪው ሴት ልጅ አብራ ናት። ቀለበቱ ሁሉ አልቋል።» ካንዴላ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ እየፈታች ነበር። እጇ አልቆመም፣ ጆሮዋ ግን ሌላ ነገር አልሰማም።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ጠራቻት። «ሹፌር ነው ያመጣው። መልስ ካለ ይጠብቃል» አለቻትና ካርድ ሰጠቻት። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። ገለበጠችው። ሦስት ካርድ የማይበቃው ልጅ የጻፈው አንዲት ቃል ብቻ ነው።

«ልቀቂ።»

ከመሣሪያ መደርደሪያው ጋር ተደግፋ ደጋግማ አነበበቻት። ስታነብ መካኒክ አልነበረችም፤ ሦስት ቀን ያልተኛች፣ የቺንጋን ወሬ የሰማች፣ የድሃ ሹፌር ልጅ ነበረች። «እንግዲህ ልቀቂኝ ነው የሚለኝ» አለች ለራሷ። «ለመለያየት እንኳ ከአንድ ቃል በላይ ሳልበቃው ቀረሁ።» እርሳሷን ከጆሮዋ ጀርባ አወጣች። ልታለቅስም፣ ልትለምንም፣ ልትሳደብም ትችል ነበር። ኩራቷ ሦስቱንም ከለከላት። ከዚያች ቃል ስር «ለቀቅኩ» ብላ ጻፈችና ለሹፌሩ አስሰጠች።

ከሰዓት በኋላ ፈተና ላይ ፍሬን ደረሳት። ከሌላ ተማሪ ጋር ሠራች። «ርገጪ» ሲላት ረገጠች፣ «ልቀቂ» ሲላት ለቀቀች። ጋሼ በልኩ ከፍተኛውን ነጥብ ሰጧት። ተመርቃ አንድ ጋራዥ ተቀጠረች፣ ምስክር ወረቀቷን አባቷ መስታወት አስገብተው ከወንበራቸው ፊት ለፊት ሰቀሉት፤ እሷ ግን ወደዚያ ግድግዳ ማየት አትወድም ነበር።

በአራተኛው ወር የመጀመሪያው ደብዳቤ መጣ። የእጅ ጽሑፉን ከሩቅ አወቀችው። ፖስተኛውን «አልቀበልም፣ መልስልኝ» አለችው። ፖስተኛው «ተቀባይ አልተቀበለም» የሚል ማኅተም አሳረፈበትና ወሰደው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሚስቱን ይዞ ካለበት ሆኖ ይቅርታ ሊጠይቃት ይሆናል፤ ይቅርታውን ለሚፈልገው ይስጥ፣ አለች።

ሦስተኛው ሲመጣ አባቷ ታመው ተኝተው ነበር። ደረታቸው ነው። ፖስታው ወፍራም ነበር፣ ቡናማ። በሩ ላይ ቆማ ስትነጋገር አልጋቸው ላይ ሆነው ሰሟት።

«ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«በስህተት የመጣ ነው፣ አባዬ።»

«ከሆነ መልሺው» አሉ። «የሰው ነገር እኛ ጋ እንዳይቀር።»

መለሰችው። አባቷ ከዚያ በኋላ አስራ ሁለት ቀን ቆዩ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ብቻዋን ነበረች፤ እናቷ የሰፉትን ልብስ ለማስረከብ ሱቃቸው ሄደዋል። በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት ጓንት ቆሟል። ከስቷል፣ ፀሐይ መትቶታል፣ እጆቹ ጥፍራቸው ድረስ የመካኒክ እጆች ሆነዋል። ቀለበት የለም። ይህን ማየቷ አናደዳት።

«መግባት ይቻላል?» አላት።

ገለል አለችለት። ገባና ወዲያው ወደ መስኮቱ አየ። ወንበሯ ባዶ ናት።

«አባባ የሉም?»

«አባዬ ካረፈ ሁለት ወር ሆነው።»

ጓንት ባለበት ቆመ። ከክንዱ ስር የያዘውን ቡናማ ፖስታ ወደ ደረቱ አስጠጋው። «ሁለት ወር» አለ። «እኔ ደግሞ አሁን...» አልጨረሰውም።

«ተቀመጥ» አለችው። እሷ አልተቀመጠችም። «ሚስትህ ደህና ናት?»

«ሚስት?»

«የአስመጪው ልጅ።»

«እሷ የት አገር እንዳለች እንኳ አላውቅም። አግብቷታል ያለሽ ማን ነው? ቺንጋ?» መልስ አልጠበቀም። «ድንበር ላይ ባለው የአባቴ ጋራዥ ነበርኩ፣ ዘጠኝ ወር። ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። ሦስቱም ተመለሱ። አባትሽ ናቸው የመለሱት ብዬ ነበር። አልተቀየምኳቸውም፤ እውነት አላቸው አልኩ።»

«አባዬ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«አንቺ?» ቀና ብሎ አያት። «ለቀቅኩ ብለሽ ጽፈሽልኝ?»

«ምን እንድጽፍልህ ፈልገህ ነበር? ልቀቂኝ አልክ፣ ለቀቅኩህ።»

«ልቀቂኝ?» አለ ቀስ ብሎ። «ልቀቂኝ አላልኩሽም። ልቀቂ ነው ያልኩሽ።»

ጓንት ልብሱ ላይ ያለውን የማይታይ ቆሻሻ እየጠረገ፣ ሊቆጣ እንደማይችል ሰው በዝግታ ነገራት። «እሑድ ማታ ከአባቴ ጋር ተጣላሁ። ላገባት ነው፣ የአባቷንም እውነት አወጣለሁ አልኩት። ሦስት ቀን ከቤት አላስወጣኝም፤ ይብረድለት ብሎ ሐሙስ ጠዋት ድንበር ሊልከኝ ሹፌር አቆመ። እኔ ደስ አለኝ፤ ያ አውቶቡስ ከአደጋው በፊት ያደረው እዚያ ጋራዥ ነበር። ሹፌሩ ከመኪና እንዳያወርደኝ ታዟል፤ ኮሌጁ በር ላይ አቁሞ ካርድ እንዲያደርስልኝ ግን ለመንኩት። ሁሉንም ለመጻፍ ጊዜ አልነበረኝም፤ አንዲቷን ቃል ጻፍኩ። በኔ በኩል ዘግቻለሁ፣ አትስጊ፣ እግርሽን አሳርፊ። ማንም ባይገባው ላንቺ ይገባሻል ብዬ። 'ለቀቅኩ' ብለሽ ስትመልሺ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ስዘፍን ነው የሄድኩት።»

ካንዴላ ግድግዳውን ተደገፈች። አንዲት «ኝ» ናት። እሱ ያልጻፋት፣ እሷ ራሷ የጨመረቻት። በዓመት ተኩል ስንት መቶ ጊዜ ሰምታ፣ ስንት መቶ ጊዜ ትክክል መልሳ፣ አንድ ቀን ብቻ ሳተችው።

«ፖስታው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አለች። ልታውቅ አልፈለገችም። ግን ጠየቀች።

ከፈተው። እስከዚያች ሰዓት ያልተከፈተ ነበር፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተም እንዳለ። ከውስጡ የወየበ የመዝገብ ገጽ አወጣ። «አሮጌ ጎማ ከተከመረበት መጋዘን ነው ያገኘሁት። ቀሪው ቅጂ ነው፤ ዋናውን አጥፍተውት ይህን ረስተውታል።»

የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ነበር፣ ወደ ግራ የሚያዘነብለው። ከስሩ ደግሞ በሌላ እጅ የተጻፈ አጭር ትእዛዝና ፊርማ አለ። ከገጹ ጋር ለአባቷ የተጻፈች ትንሽ ደብዳቤ ተያይዛለች። «አባባ፣ ያን ቀን አላውቅም ብዬዎት ነበር። አሁን አውቃለሁ። እርስዎ አልተኙም።»

የፖስታውን ማኅተም ቀን አየች። ማየት አልነበረባትም፤ ቀኑን ታውቀዋለች።

«አባዬ ጠይቆኝ ነበር» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «ይህ ፖስታ እጄ ላይ እያለ። ከዚህ በር እስከዚያ አልጋ ስንት እርምጃ ነው? ምንድን ነው አለኝ። በስህተት የመጣ ነው አልኩት።»

ጓንት ተነስቶ ወደ እሷ መጣ። እጇን ሊይዝ ፈልጎ ነበር፤ ወደ ኋላ አለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «አንድ መስመር ብጨምር ምን ነበረበት?»

«አትበል እንደሱ። አትዋሽልኝ።»

«እወድሻለሁ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ከአባቴ ቤት ወጥቻለሁ፣ የምመለስበትም የለኝ።»

«እኔም» አለች። «መውደዱን እኔም አልተውኩም፤ ስጠላህ እንኳ እየወደድኩህ ነው። ግን አንተን ባየሁ ቁጥር ያ ፖስታ ነው የሚመጣብኝ። አባዬ አልጋው ላይ ሆኖ 'ምንድን ነው፣ ልጄ?' ሲለኝ ነው የምሰማው። እንዴት አብሬህ እኖራለሁ? ንገረኝ እስቲ።»

በሩ ሲከፈት ሁለቱም እንደቆሙ ነበሩ።

እናቷ ባዶ ዘንቢል ይዘው ገቡ። እንግዳውን አዩ፣ አወቁት። ዘንቢላቸውን ቀስ ብለው መሬት አኖሩ። «አንተ ነህ እንዴ» አሉ። «ዘግይተህ መጣህ ልጄ። ሰውየው የለም።»

«ሰማሁ፣ እማማ። እግዜር ያጽናዎት።»

«ያ ወረቀት ምንድን ነው?»

ጓንት ካንዴላን አላያትም። ባዶውን ፖስታ ከነማኅተሙ አጥፎ ወደ ኪሱ ከተተውና ገጹን ብቻ በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። «የአባባ ጽሑፍ ነው፤ ስለ ፍሬኑ ያመለከቱት። ያገኘሁት ገና ባለፈው ሳምንት ነው፣ እማማ። መፈለግ የነበረብኝ ቀደም ብዬ ነው፤ ቸልተኛ ሆኜ ዘገየሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

እናቷ ወረቀቱን አልተቀበሉትም። ፊታቸው ተለወጠ። «ሁለት ወር» አሉ። «ሁለት ወር ብቻ ብትቀድም ምን ነበረበት? እስከ መጨረሻዋ ቀን በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይል ነበር። ከድርጅቱ ሰው መጣ እንዴ እያለ። አንተ ወጣት ነህ፣ እግር አለህ። ምን ያዘህ?»

«ምንም አልያዘኝም፣ እማማ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ካንዴላ አየችው። ሌላ ሰው ያጠፋውን ተሸክሞ፣ ሳይከራከር፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ዝም ብትል ያልፋል። እናቷ እሷን እንደ ድሮው ያቅፏታል፣ እሱ ይህን ጥፋት ይዞ ከዚህ ቤት ይወጣል፣ ዕድሜ ልኩንም አይናገርባትም። ታውቀዋለች። ባለፉት አስቀያሚ ዓመታት ሁሉ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ያላጠፋውን ተሸክሞ ሲኖር አይታለች፤ ሰውን ምን እንደሚያደርገውም ታውቃለች።

«እማዬ» አለች። «ውሸቱን ነው።»

«ተይ» አለ ጓንት በሹክሹክታ።

«ውሸቱን ነው። ቀደም ብሎ ልኮት ነበር። አባዬ በሕይወት እያለ፣ እዚሁ በር ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኩት። ሳልከፍተው። ተቀይሜው ነበር፣ ያለ ምክንያት።» ወደ ባዶው አልጋ አየች። «አባዬ ምንድን ነው ብሎኝ ዋሸሁት።»

እናቷ ወደ እሷ አልመጡም፣ አልጮኹም፣ እጃቸውንም አላነሱም። ይህ ከሁሉ የከፋ መሰላት። በዝግታ ሄደው ከሁለት ወር ወዲህ ማንም ያልተቀመጠባት ወንበር ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«መነጽሬን ሱቅ ትቼዋለሁ» አሉ ለጓንት። «አንብብልኝ።»

ጓንት ጉሮሮውን ጠረገ። «የመኪናው ፍሬን ይሰምጣል» ብሎ አነበበ። «ለሦስተኛ ጊዜ አመለከትኩ። ነገ ቁልቁለት አለ፣ ሃምሳ ሁለት ሰው እጭናለሁ። ይህ መኪና ሳይሠራ እንዳይወጣ አደራ እላለሁ።» ከስሩ ያለውንም አነበበ። «ታይቷል። ይውጣ።»

«የሱን ድገመው። የመጨረሻውን ተወው።»

ደገመው። ሃምሳ ሁለት ሰው የሚለው ላይ ሲደርስ ካንዴላ ከበሩ ጋር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አባቷ ከተቀበሩ ጀምሮ አንድ ጊዜም አላለቀሰችም ነበር፤ ጎረቤት ደንዳና ናት ብሎ አምቷታል። አሁን ከየት እንደሚመጣ ሳታውቅ መጣ፣ ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ልጅ። ጓንት ንባቡን አቁሞ ወደ እሷ ሊሄድ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ተዋት» አሉ እናቷ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሱ። «ታልቅስ። አንተ አንብብ።»

አነበበ።